መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ ስለ ሆነው ንግድ

በአገራችን ገበያ ማር ወይም ቅቤ ሊገዛ የሄደ ሰው አስቀድሞ መቅመሱ የቈየ ልማድ ነው። ሻጩ ከዕቃው አፍ ጥቂት ቈንጥሮ በገዢው እጅ ላይ ያኖርለታል። ገዢውም ቀምሶ ከወደደው በዋጋው ይከራከራል፤ ካልወደደውም ትቶት ወደሚቀጥለው ሻጭ ያልፋል። ቅምሻ የቀመሰውን ሰው ሁሉ «ገዝተሃል» ብሎ፣ በማግሥቱ እደጁ ድረስ ሄዶ ዋጋውን የሚጠይቅ ነጋዴ የለም፤ ቢኖርም በዳኛ ፊት ቆሞ ሊረታ አይችልም። መቅመስ ሌላ፣ መግዛት ሌላ መሆኑን ሻጩም ገዢውም ያውቃሉና።

ዛሬ ግን ይህን የቈየ ልማድ የገለበጠ የንግድ ዐይነት በዓለም ላይ ተስፋፍቶ ይገኛል። በዚህ ንግድ ቅምሻው ራሱ ውል ነው፤ የቀመሰውም ሰው በተወሰነው ቀን «አልፈልግም» ብሎ ካልተናገረ በቀር እንደ ገዛ ይቈጠራል። ይኸውም በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጡ ኩባንያዎች «የነፃ ሙከራ» ብለው የሚጠሩት፣ ወደ አባልነትም የሚያስገባው በር ነው። ነገሩ በውጭ አገር ለሚኖሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የዕለት ተዕለት ጉዳይ ከሆነ ብዙ ጊዜ አልፎታል፤ በእጅ ስልክ መክፈል በተለመደበት በአገራችንም ምልክቱ ታይቷል። ስለዚህ አሠራሩን ከነጥቅሙና ከነጉዳቱ መርምሮ ማስረዳት የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል። ስለ ውጭ አገር በምንጽፍበት ስፍራ ሁሉ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናስታውቃለን።

የዚህ ንግድ ዋና ምሳሌ አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ በ1994 ዓ.ም. ሲመሠረት ሐሳቡ መጽሐፍ መሸጥ ነበር፤ በኋላ ግን የሸቀጥ ሁሉ ነጋዴ ሆነ። በ2005 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር «ፕራይም» የሚባል አባልነት አቋቋመ። በዚያን ጊዜ የተሰጠው ቃል አጭርና ግልጽ ነበር፤ በዓመት 79 ዶላር የከፈለ ሰው፣ በአባልነቱ ውስጥ የተመደበውን ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ባዘዘ ቊጥር፣ ተጨማሪ የማድረሻ ዋጋ ሳይጠየቅ በሁለት ቀን ይላክለታል። ሕዝቡም ይህን ወደደው። የኩባንያው መሥራች ሚስተር ጄፍ ቤዞስ በ2018 ዓ.ም. ለባለአክሲዮኖች በጻፉት ደብዳቤ የአባሎቹ ቍጥር ከ100 ሚሊዮን ማለፉን፣ በ2021 ዓ.ም. በጻፉትም ከ200 ሚሊዮን ማለፉን ገለጹ።

ዋጋውም ከአባሎቹ ጋር አብሮ አደገ። በ2014 ዓ.ም. 99 ዶላር፣ በ2018 ዓ.ም. 119 ዶላር፣ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ 139 ዶላር ሆነ። በየወሩ መክፈል ለሚመርጠው ሰው የ2022 ዓ.ም. ዋጋ በወር 14 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው። ይህም በዓመት ሲደመር 179 ዶላር ከ88 ሳንቲም ስለሚሆን፣ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ማውጣት የማይችለው ሰው ከሚችለው ሰው ይልቅ ወደ 41 ዶላር ያህል አብልጦ ይከፍላል ማለት ነው።

ነጋዴው አባልነትን የወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። አስቀድሞ የከፈለ ሰው የከፈለው እንዳይባክንበት በማሰብ፣ ከሌላ ሱቅ ሊገዛው ይችል የነበረውን ዕቃ ከዚያው ከከፈለበት ይገዛል። አንድ ጊዜ ያወጣው ገንዘብ እንደ ገመድ ሆኖ ወደ አንድ ደጅ ይስበዋል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ደንበኛን በጥሩ አገልግሎት ማሰር የንግድ ሁሉ ጥበብ ነው። ደግሞም ለብዙ ቤተሰብ በእውነት ይጠቅማል። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ዕቃ የሚያዝዝ ሰው፣ ከገበያ ርቆ የሚኖር፣ ሕፃን የያዘች እናት፣ መውጣት የማይቻለው በሽተኛ፣ ሁሉም ከዋጋው በላይ ጥቅም ያገኙበታል። በዓመት ዐሥር ዕቃ ብቻ የሚያስመጣ ሰው ግን 139 ዶላሩ ለዐሥሩ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ወደ 14 ዶላር የሚጠጋ የማድረሻ ዋጋ መክፈሉ ነው። ፊልምና ሙዚቃውን ካልተጠቀመበት በቀር፣ «ነፃ» ብሎ የሚጠራው መልእክት ከፖስታ ቤት ዋጋ ሊበልጥበት ይችላል። እንግዲህ አባልነቱ ለአንዱ ትርፍ፣ ለሌላው ኪሳራ ስለ ሆነ፣ ፍርዱ በእያንዳንዱ ሰው ሒሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። እኛ የምንነቅፈው አባልነቱን አይደለም። የምንነቅፈው ሰው ሒሳቡን አስቦ እንዳይፈርድ የሚያደርገውን አገባብና አወጣጥ ነው።

የአገባቡ ነገር እንዲህ ነው። ሠላሳ ቀን በነፃ ሞክር ይባላል። ሞካሪው ግን የባንክ ካርዱን ቍጥር አስቀድሞ እንዲያስገባ ይጠየቃል። ሠላሳው ቀን ሲያልፍ፣ ሰውዬው ሰርዞ ካልተገኘ ገንዘቡ ከካርዱ ይወሰዳል፤ ካልሰረዘም በየወሩ ወይም በየዓመቱ እየተወሰደ ይቀጥላል። በዚህ ውል ውስጥ ከፋዩ «እሺ» ያለው አንድ ጊዜ፣ ያውም ነፃ በተባለበት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚከፍለው በዝምታው ነው። ሰው ደግሞ ሥራ የሚበዛበት፣ የሚታመም፣ ቤት የሚለውጥ፣ የሚረሳም ፍጥረት ነው። ስለዚህ ይህ ንግድ ከሚያተርፍባቸው ነገሮች አንዱ የሰው ረሺነት ነው ብንል አንሳሳትም። የአገራችን ሰው «ዕዳ ከሜዳ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

ይህ ዘዴ ከኢንተርኔት ጋር የተፈጠረ አዲስ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። በ1926 ዓ.ም. በአሜሪካ «የወሩ መጽሐፍ ማኅበር» የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ፣ አባሉ የእምቢታ ካርድ በጊዜው ካልመለሰ መጽሐፉ ወደ ቤቱ እንዲላክና ዋጋውን እንዲከፍል በሚያደርግ ሥርዓት ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር ቅሬታ ስላስነሣ፣ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1973 ዓ.ም. ደንብ አወጣበት። ኢንተርኔት ከመጣ በኋላም በ2010 ዓ.ም. የአገሪቱ ምክር ቤት ሌላ ሕግ አወጣ። ይህ ሕግ ሻጩ የባንክ ቍጥር ከመቀበሉ በፊት የውሉን ዋና ዋና ነገር በግልጽ እንዲያስታውቅ፣ የገዢውን ፈቃድ በማያሻማ ሁኔታ እንዲቀበል፣ ክፍያውንም ለማቋረጥ ቀላል መንገድ እንዲያዘጋጅ ያዝዛል።

ሕግ መውጣቱ ብቻ ግን ነገሩን አላቃናውም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 ዓ.ም. በጁን ወር አማዞንን ከሰሰ። የክሱ ፍሬ ነገር ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ሰዎች ዕቃ ሊገዙ ገብተው ሳያውቁት አባል እንዲሆኑ ይደረጋሉ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መውጣት የፈለጉት ሰዎች ሆን ተብሎ በተጠማዘዘ መንገድ እንዲጓዙ ይደረጋሉ የሚል ነው። በክሱ ላይ እንደ ተጻፈው፣ ለመግባት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቁልፍ መጫን ሲበቃ፣ ለመውጣት ግን አራት ገጽ ማለፍ፣ ስድስት ጊዜ መጫን፣ ዐሥራ አምስት ምርጫዎችን ማንበብ ያስፈልግ ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ለዚህ የመውጫ መንገድ በኩባንያው ውስጥ የተሰጠው ስም ነው። «ኢሊያድ» ይሉት ነበር። ኢሊያድ የግሪኩ ባለቅኔ ሆሜር ስለ ትሮያ ረጅም ጦርነት የደረሰው መጽሐፍ ስም ነው። ያን ስም ያወጣለት ሰው መንገዱ ረጅም መሆኑን ሳያውቅ አወጣለት ማለት አይቻልም።

ክሱ ሊመሠረት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ኩባንያው ይህን መንገድ እንዳሳጠረው በክሱ ላይ ተጠቅሷል። ጉዳዩ በሲያትል ከተማ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በ2025 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር ችሎቱ በተከፈተ በጥቂት ቀን ውስጥ በስምምነት አለቀ። ኩባንያው 1 ቢሊዮን ዶላር መቀጫ ለመንግሥት እንዲከፍል፣ 1 ቢሊዮን ከ500 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ 35 ሚሊዮን ያህል ለሚሆኑ ሰዎች እንዲመልስ ተወሰነ። ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አላመነም። ነገር ግን ወደ ፊት አባል መሆን የማይፈልገው ሰው እምቢ የሚልበትን ግልጽ ቁልፍ እንዲያኖር፣ የመውጫውም መንገድ ከመግቢያው የከበደ እንዳይሆን ግዴታ ገባ። ይመለሳል የተባለው ገንዘብ ለአንድ ሰው እስከ 51 ዶላር ነው። ይህ ለአንድ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ ከሚሊዮን ሰዎች በጥቂት በጥቂቱ የተለቀመው ገንዘብ ሲጠራቀም ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ ይታያል። ነጋዴው የሚተማመነውም በዚሁ ነው፤ ስለ 14 ዶላር ጠበቃ የሚያቆም ሰው አይገኝምና።

ይህም ሆኖ በአሜሪካ ነገሩ በሙሉ ተቈርጦ አልተወሰነም ነበር። ኮሚሽኑ በ2024 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር፣ መውጣት እንደ መግባት ቀላል ይሁን የሚል ደንብ ለነጋዴ ሁሉ አውጥቶ ነበር። በ2025 ዓ.ም. በጁላይ ወር ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ደንቡ ሲወጣ ሊሟላ የሚገባው ሥርዓት አልተሟላም ብሎ ሻረው። ከዚህ የምንማረው፣ መልካም ሐሳብ ብቻውን ሕግ እንደማይሆንና አወጣጡም ሊታሰብበት እንደሚገባ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ማድረሻው ቀን ነገር እንለፍ። አባልነቱ የተሸጠበት ዋናው ዕቃ ጊዜ ነው። ገዢው አስቀድሞ የሚከፍለው፣ ያዘዘው ነገር በተባለው ቀን እንዲደርስለት ነው። እንግዲህ የተባለው ቀን የዋጋው ክፍል እንጂ ምርቃት አይደለም። ብዙ ሰው ግን አንድ ነገር አያስተውልም። «በሁለት ቀን» የሚለው ቃል ሲሰጥ፣ ሁለቱ ቀን ይቈጠር የነበረው ገዢው ካዘዘበት ሰዓት ሳይሆን ዕቃው ከመጋዘን ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ዕቃው ተፈልጎ እስኪገኝና እስኪታሸግ የሚያልፈው ጊዜ በሁለቱ ቀን ውስጥ አይገባም። እንዲሁም በአማዞን ገበያ ላይ ከሚታየው ሸቀጥ ብዙው የሌሎች ነጋዴዎች ስለ ሆነ፣ ሁሉም በአባልነቱ ሥርዓት አይደርስም። ስለዚህ አስተዋይ ገዢ የሚመለከተው «ፈጣን» የሚለውን ቃል ሳይሆን፣ ከመክፈሉ በፊት የሚጻፍለትን የመድረሻ ቀን ነው።

ስለ ዘገየ ዕቃ አሜሪካ የቈየ ደንብ አላት። በ1975 ዓ.ም. በፖስታ ስለሚታዘዝ ዕቃ የወጣው ደንብ፣ በኋላ በስልክና በኢንተርኔት ለሚታዘዘውም ተዘርግቷል። በደንቡ መሠረት ሻጩ በተናገረው ጊዜ ውስጥ መላክ አለበት፤ ጊዜ ካልተናገረ በ30 ቀን ውስጥ ይልካል። ይህን የማይችል ከሆነ ለገዢው አስታውቆ፣ መቈየት ወይም ገንዘቡን መቀበል ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ያደርገዋል። የነጋዴ ቃል በሕግ እንዲህ ሲታሰር ገዢው ሳይፈራ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ንግዱም ይሰፋል።

አንዳንድ ጊዜ መዘግየት ከአቅም በላይ መሆኑ አይካድም። በ2020 ዓ.ም. በማርች ወር የኮሮና በሽታ ሰውን ሁሉ በቤቱ ሲያስቀምጠው፣ ኩባንያው ለምግብ፣ ለመድኀኒትና ለመሳሰለው አስቸኳይ ነገር ቅድሚያ ስለ ሰጠ፣ ሌላው ዕቃ አንድ ወር ድረስ የዘገየበት ጊዜ ነበር። በእንዲህ ያለው ችግር ማንም ቅን ሰው አይፈርድም። ከዚህ የሚለየው ግን ሳይነግሩ ማዘግየት ነው። የዋሽንግተን ከተማ ዋና ዐቃቤ ሕግ በ2024 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር ያቀረቡት ክስ ይህን የሚመለከት ነው። ክሱ እንደሚለው፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ባሉት በሁለት የፖስታ ቀጠናዎች የሚኖሩ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ አባሎች፣ ከ2022 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ከኩባንያው የፈጣን ማድረሻ መኪናዎች ሳይነገራቸው ተለይተዋል። ከዚያ በፊት በ2021 ዓ.ም. ለእነዚያ ሰፈሮች ከሚላከው ዕቃ ከመቶ 72 እጅ ያህሉ በሁለት ቀን ይደርስ እንደ ነበረ፣ በ2023 ዓ.ም. ግን እስከ 24 እጅ እንደ ወረደ ክሱ ይዘረዝራል። ኩባንያው በበኩሉ ይህን ያደረግሁት ሾፌሮቹን ከአደጋ ለመጠበቅ ነው፤ ገዢውም የሚደርስበትን ቀን ሳያዝዝ በፊት ያየዋል ሲል መልስ ሰጥቷል።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ብዙ የአገራችን ተወላጆች ስለሚኖሩ ነገሩ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይሆንም። የሾፌሮቹ ደኅንነት ሊጠበቅ እንደሚገባ እኛም እናምናለን። ነገር ግን ከክሱ ውስጥ የሚወጣው ጥያቄ ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ከተማ ተቀምጠው አንድ ዋጋ ሲከፍሉ፣ አንደኛው ቶሎ እንዲያገኝ ሌላው እንዲዘገይ ከተወሰነ፣ የሚዘገየው ሰው ይህን ከመክፈሉ በፊት ማወቅ አይገባውምን? ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት አይከፍልም ነበር። አለማወቁ ለሻጩ ትርፍ ሆኖ ከተገኘ፣ ዝምታው በዋጋ ተሸጧል ማለት ነው። አባቶቻችን «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲሉ የተናገሩት፣ ቃል የጠፋበት ገበያ መልሶ እንደማይቋቋም ስላወቁ ነው።

ደግሞም «ነፃ» የሚለው ቃል የሚሸፍነው ሌላ ወጪ መኖሩን መዘንጋት አይገባም። ኩባንያው በ2019 ዓ.ም. ሁለቱን ቀን ወደ አንድ ቀን ለማሳጠር መነሣቱን ሲያስታውቅ፣ በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ 800 ሚሊዮን ዶላር ለዚሁ እንደሚያወጣ ተናግሮ ነበር። ከገንዘቡም በላይ ፍጥነቱን የሚሸከሙት በመጋዘን የሚሠሩትና መኪና የሚነዱት ሰዎች ናቸው። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በ2021 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ በትልልቅ መጋዘኖች ለሠራተኛ የሚሰጠው የሥራ ልክ በጽሑፍ እንዲታወቅ፣ ከዕረፍትና ከመጸዳጃ ጊዜም እንዳይከለክለው ያዘዘው ስለዚህ ነው። ነገ ቢደርስ የማይጎዳንን ዕቃ ዛሬ እንዲደርስ በምንፈልግበት ጊዜ፣ የችኰላውን ዋጋ አንድ ሰው በሆነ ስፍራ እንደሚከፍለው ማሰብ መልካም ነው።

ሌሎች መንግሥታት ምን እንዳደረጉ ማወቅም ይጠቅማል። የኖርዌይ የሸማቾች ምክር ቤት በ2021 ዓ.ም. መጀመሪያ ከፕራይም አባልነት የመውጣትን ችግር መርምሮ ጽሑፍ አወጣ፤ ከአውሮፓ የሸማቾች ማኅበራትም ጋር ሆኖ አቤቱታ አቀረበ። በዚህም ምክንያት አማዞን ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋር ተነጋግሮ፣ በ2022 ዓ.ም. በጁላይ ወር በአውሮፓ ያለው አባል ሁለት ጊዜ ቁልፍ በመጫን ብቻ እንዲወጣ ተስማማ። በዚያው ወር በጀርመን አገር፣ በኢንተርኔት ቀጣይ ውል የሚያስገባ ነጋዴ ሁሉ ውል ማፍረሻ ቁልፍ በግልጽ እንዲያኖር የሚያዝዘው ሕግ ሥራ ጀመረ። በአውሮፓ ሁለት ጊዜ መጫን የበቃው ሰው በአሜሪካ ስድስት ጊዜ ያስፈልገው የነበረው፣ የሰውዬው ወይም የመኪናው ልዩነት አልነበረም፤ የሕጉና የጠባቂው ልዩነት ነበር። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክም ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በየጊዜው ከካርድ የሚቈረጥ ገንዘብ ከመወሰዱ ከ24 ሰዓት በፊት ለባለካርዱ መልእክት እንዲደርሰው፣ ካልፈለገም እንዲያስቀረው አድርጓል። ይህን ለማድረግ እጅግ የበለጸጉ መሆን እንደማያስፈልግ ከዚህ ይታያል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ለዚህ ጉዳይ መሠረት የሚሆን ሕግ ከጥንቱ አለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 1682 ላይ፣ ዝምታ ውል እንደ መቀበል እንደማይቈጠር ደንግጓል። አስቀድሞ የንግድ ግንኙነት ስላላቸው ሰዎች ሕጉ ልዩ ድንጋጌ ቢኖረውም፣ መሠረቱ ግን ይኸው ነው፤ ያልተናገረ ሰው አልተስማማም። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ኤሌክትሮኒክ ግብይት ቍጥር 1205 የሆነው ዐዋጅ ወጥቶ፣ በኢንተርኔት የሚደረግ ውል በሕግ ፊት የጸና ሆኗል። ልማዳችንም ከዚሁ ጋር የተስማማ ነው። የዕድር አባል የሚከፍለውን ያውቃል፤ ዳኛውንና ጸሐፊውን በስማቸው ያውቃል፤ ቢወጣም ለማን ተናግሮ እንደሚወጣ ያውቃል። አባልነት ማለት በእኛ ዘንድ መተዋወቅ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ የራቀ ነገር በመካከላችን መታየት ጀምሯል። በእጅ ስልክ ላይ በአጭር መልእክት ዜና፣ ቀልድ፣ ምክርና የመሳሰለውን የሚልኩ አገልግሎቶች «የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ነፃ ናቸው» እያሉ ሰው ያስገባሉ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ሳንቲም ወይም ብር ከሞላነው ሒሳብ ይቈርጣሉ። ካርድ ሞልቶ በማግሥቱ ጐድሎ ያገኘው ሰው፣ ገንዘቡ ወዴት እንደ ሄደ ሳያውቅ ስልኩን ይወቅሳል። ማቋረጫው ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚላክ፣ በገጠር ያለችው እናታችን እንዴት አድርጋ ትወጣለች? ይህ ከታላቁ ከአማዞን ነገር ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ቢመስልም መንገዱ አንድ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሕዝባችን በስልክ መክፈልን ፈጥኖ ተለማምዷል። ነገ ዕቃ ሻጮቻችንም በአባልነት መሸጥ ሲጀምሩ ሥርዓቱ ከወዲሁ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቃቸው ያስፈልጋል። ጐርፍ ከመጣ በኋላ ቦይ መቈፈር ድካሙ የበዛ ነው።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ሥርዓቱ አራት ነገር ቢይዝ ይበቃዋል። አንደኛ፣ የከፋዩ ቍጥር ከመወሰዱ በፊት፣ ምን ያህል ገንዘብ በየትኛው ቀን እንደሚቈረጥ ሰውዬው በሚያነበው ቋንቋ፣ ከ«ነፃ» ከሚለው ቃል ባላነሰ ፊደል ይጻፍለት። ሁለተኛ፣ የነፃው ጊዜ ሊያልቅ ሲል መልእክት ይድረሰው። ሦስተኛ፣ በገባበት በር ይውጣ፤ በአንድ ቁልፍ ከገባ በአንድ ቁልፍ፣ በአንድ መልእክት ከገባ በአንድ መልእክት። አራተኛ፣ የተነገረው የማድረሻ ቀን የውሉ ክፍል ሆኖ ይቈጠር፤ ከቀረም ገንዘቡን ወይም የሚገባውን ያህል ይመልሱለት። ይህ ለቅን ነጋዴ ሸክም አይሆንበትም፤ ዕቃው ጥሩ የሆነ ሰው ደንበኛውን በር ዘግቶ ማቈየት አያስፈልገውም። እንዲያውም በር ዘግቶ የሚያተርፈው ተወዳዳሪው ሲቀር፣ የሚጠቀመው ቅኑ ነጋዴ ነው።

ሕጉ እስኪሟላ ድረስ ግን ሰው ራሱን መጠበቅ ይገባዋል። በውጭ አገር ያላችሁም፣ በአገር ውስጥ ያላችሁም፣ የነፃ ሙከራ በጀመራችሁበት ቀን የሚያልቅበትን ቀን በወረቀት ጻፉ። ማስቀጠል ካልፈለጋችሁ የመጨረሻውን ቀን ሳትጠብቁ ሰርዙ፤ መሰረዛችሁንም የሚያስረዳውን መልእክት አትጣሉት። በወር አንድ ጊዜ የባንክ ሒሳባችሁን መስመር በመስመር አንብቡ፤ የማታውቁት ስም ካገኛችሁ ባንኩን ጠይቁ። ልጆች በውጭ አገር ለሚኖሩ ወላጆቻቸው፣ ወላጆችም ለልጆቻቸው ይህን ያስረዱ። አባል ከመሆናችሁ በፊት ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንዳዘዛችሁ ቍጠሩና ዋጋውን አካፍሉት። የማያስቸኩለውን ዕቃ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ያዘዘ ሰው፣ አባል ሳይሆንም የማድረሻ ዋጋ የማይጠየቅበት ጊዜ እንዳለ አትርሱ። ይህን ሳያደርጉ በችኰላ መግባት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለችውን መሆን ነው።

ንግድ የሚቆመው በሁለት ሰዎች ፈቃድ ነው። አንዱ ወድዶ ይሰጣል፤ ሌላው ወድዶ ይቀበላል። የኢንተርኔት ገበያ ሻጭንና ገዢን በባሕርና በተራራ ቢያራርቃቸውም፣ ይህን ሥርዓት ሊሽረው አይገባም። እንዲያውም ፊት ለፊት የማይተያዩ ሰዎች ስለ ሆኑ፣ ቃላቸው የበለጠ ግልጽ ሊሆን ይገባዋል። የማር ሻጩ በገበያ ላይ ቅምሻውን ሰጥቶ ገዢውን በነፃ ያሰናብተዋል፤ የቀመሰውም ሰው ማሩ ጥሩ ከሆነ በፈቃዱ ይመለሳል። በመኪና የሚነግደውም ሻጭ፣ ዕቃውን የሚያምነው ከሆነ፣ መውጫውን እንደ መግቢያው አስፍቶ ይተወው።